ዲመሬጅ መጣብኝ

ጅቡቲ ከተማ፣ ራስ ዲካ ውስጥ ከምኒልክ አደባባይ ካፌዎች በአንዱ አማርኛ የሚያወራ ሰው አጠገብ ከተቀመጣችሁ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ «ዲመሬጅ» ስትባል መስማታችሁ አይቀርም። (አደባባዩ ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ነጻ ከወጣች ወዲህ የጁን 27 አደባባይ ነው፤ የሰው አፍ ግን ምኒልክን አልለቀቀም።)

ይህችን ቃል እንግሊዞቹ ራሳቸው አያዘወትሯትም። የለንደን መንገደኛ ቢጠየቅ ትከሻውን ይሰብቃል፤ የእኛ ትራንዚተር ግን ተኝቶም ያሰላታል። ትውልዷ ከፈረንሳይኛ ነው፤ ከ«መቆየት»። እንግሊዞች ወስደው፣ ከተስማማበት ቀን በላይ መርከብ ያቆመ ነጋዴ የሚከፍለውን ገንዘብ ሰየሙባት። ኋላም ለባቡር ፉርጎ፣ ቀጥሎም ለኮንቴነር ሆነች። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ጅቡቲ በበኩሉ «ሱረስታሪ» ይላል። ሐበሻው እንግዲህ የፈረንሳይን ልጅ በእንግሊዝ በኩል አዙሮ አምጥቶ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ ያስተዋውቃል።

ኮንቴነር ከመርከብ ሲወርድ ጥቂት ነጻ ቀናት አሉት። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ በየቀኑ ይቆጥራል፣ ያውም በዶላር። መርከብ ሙሉውን የተከራየ ሰውማ የባሰ ሕግ ይጠብቀዋል፦ ዲመሬጅ አንዴ ከጀመረ እሑድም በዓልም ምሕረት የለም። ወሩን በሚካኤል፣ በገብርኤልና በማርያም ለሚከፋፍል ሕዝብ ይህ ከባድ ጭካኔ ነው።

የሚያስቀው አነጋገራችን ነው። «አቆየሁት» የሚል ነጋዴ የለም። ዲመሬጅ «መጣብኝ»፣ «በላኝ» ነው፤ እንደ አንበጣ ከሰማይ የወረደ። ባንክ ዶላር አጥቶ ያስጠበቀውን አልቀልድበትም፤ እሱ የእውነት ተበድሏል። ግን ዕቃው ከቻይና ተነሥቶ ሳምንታት ባሕር ላይ ሲጓዝ «ገና ነው» ሲል ከርሞ፣ መርከቡ መልሕቅ ሲጥል ሰነድ ፍለጋ መሳቢያ የሚከፍተውስ?

ቃሏ እኅት አላት፤ ዲስፓች ትባላለች። ስንዴ ወይም ማዳበሪያ የጫነ መርከብ ተከራይቶ ከቀኑ ቀድሞ ያራገፈ ሰው፣ ውሉ ካለ፣ ባለመርከቡ ራሱ ይከፍለዋል፤ ብዙ ጊዜ የዲመሬጁን ግማሽ። ካፌው ውስጥ ስሟን የሚያነሣ አላጋጠመኝም። ከሁለት እኅትማማቾች ከፋዪቱን ትተን አስከፋዪቱን አገባን።

ቀትር አለፍ ሲል ከተማው ይነቃል፤ የሐረርጌ ጫት ገባ። ያው አገር፣ ያው ድንበር፣ ያው ጉምሩክ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተገለበጠ። ይህ ዕቃ በየቀኑ ይደርሳል፣ ሳይመሽም ያልቃል። ሰነዱ አይጠፋም፣ ፈራሚውም ስብሰባ አይገባም።

«ጫትማ ይጠወልጋላ!» አለኝ ስለ ዲመሬጅ ሲያማርር ያረፈደው ትራንዚተር። ስልኩ ጮኸ። የመርካቶ ደንበኛው ነበር። «ጋሼ፣ ሰነዱን ነገ በጠዋት አየዋለሁ» አለና፣ ጥሩው እስር ሳያልቅበት ተነሥቶ ሮጠ።