የሙት ሆል አጭር የሕይወት ታሪክ

ሟች ሙት ሆል (ትርጉሙ የስብሰባ አዳራሽ) በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ኬዝዊክ በምትባል ትንሽ የገበያ ከተማ በ1813 ተወለዱ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። እናታቸው ድንጋይ፣ አባታቸው በዚያው ቦታ በ1571 ተሠርቶ የነበረው አሮጌ ሕንጻ ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት ዋናው ነገር መቀመጫ ነው፤ እርሱም የገበያው መሀል።

ሟች ያልሠሩት ሥራ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምድር ቤታቸው ገበያ፣ ፎቃቸው ችሎት ሆኖ አገልግሏል፤ በየጊዜው እስር ቤት፣ የማዘጋጃ ቤት አዳራሽና ሙዚየምም ሆነዋል። ለገበያ የመጣ ሰው ደረጃውን ወጥቶ መካሰስ፣ ከተፈረደበትም እዚያው መታሰር ይችል ነበር ማለት ነው። ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት የዛሬ ባለጉዳይ ይህን ሲሰማ ከልቡ ያለቅሳል።

ከአካላቸው በጣም የታወቀው በማማቸው ላይ ያለው ሰዓት ነው። ሰዓት ቆጣሪ እንጂ ደቂቃ ቆጣሪ የለውም። ለተሰብሳቢ ይህ ጸጋ ነው፤ ሩብ ሰዓት ያረፈደን ሰው የሚያሳጣ ምስክር የለም። ችግሩ የታየው በሯጮች ነው። በ1932 የከተማዋ ነዋሪ ቦብ ግራሃም ከሟች ደጃፍ ተነሥቶ፣ በአካባቢው ያሉ 42 ተራሮችን ዞሮ፣ በ23 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ተመለሰ። ሠላሳ ዘጠኙን ደቂቃ የቆጠረለት ግን ሌላ ሰዓት መሆን አለበት። ዛሬም ዙሩን የሚሞክሩ ሁሉ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው፣ 24 ሰዓት ሳይሞላ የሟችን በር ለመንካት ይጣደፋሉ። ለስብሰባ እንዲህ ተሮጦ የተመጣበት ዘመን ስለመኖሩ ያጠራጥራል።

ሞታቸው ድንገተኛ አይደለም። አካላቸው ደህና ነው፤ የሞተው ስብሰባው ነው። ሙዚየሙ በ1898 የራሱን ቤት አግኝቶ ወጣ። በ1974ቱ የአስተዳደር ለውጥ የከተማዋ ሥልጣን በአብዛኛው አለርዴል ለተባለ ሰፊ ወረዳ ተላለፈ። በከተማዋ የሚወሰን ጉዳይ ሲሳሳ ተከራካሪውም ሳሳ፤ ክርክር የሌለበት አዳራሽ ደግሞ ጣሪያው ከፍ ያለ ክፍል ብቻ ነው።

ቦታውን አሁን የያዘው የአካባቢው ብሔራዊ ፓርክ የቱሪስት መረጃ ማዕከል ነው። እንግዳ ይገባል፣ ካርታ ይገዛል፣ ነገ ይዘንብ እንደሆነ ጠይቆ፣ አመስግኖ ይወጣል። የሚቃወም የለም።

ሟች በቅርስነት ስለተመዘገቡ ቀብር አይፈቀድም። የለቅሶ ድንኳንም አላስፈለገም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጋዴዎቹ በዙሪያቸው ይተክሉላቸዋል።