ላኪውስ ልኳል

ድሃ እግዜርን ያምናል፤ ባለጸጋ ደግሞ ድሃውን ለእግዜር ያስረክባል። ሁለቱም የሚሉት «እግዜር አለ» ነው። አንዱ ይህን ብሎ በማለዳ ሥራ ፍለጋ ይወጣል፤ ሌላው ይህንኑ ብሎ ኪሱን ይቆልፋል። የኛ ሰው ይህን እያየ ዝም አይልም፤ ይተርባል።

እሑድ ነው፣ ቅዳሴ ወጥቷል። ጋሼ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ከደጀ ሰላሙ ሲወጡ፣ ከግንቡ ሥር ከልጆቿ ጋር የተቀመጠችው እናት «ስለ እመቤታችን» ትላቸዋለች።

«እግዜር ይስጥሽ!»

«ሰጥቶኝ ነበር ጋሼ፤ በእርስዎ እጅ ልኮት ነው የዘገየው።»

«ዝርዝር አልያዝኩም።»

«ድፍኑንም አንጠላም። እግዜር ለእርስዎ ሲሰጥ ዘርዝሮ ነው እንዴ?»

አከራዩም ከዚህ አይሻሉም። ወሩ ሊያልቅ ሲል በሩን ያንኳኳሉ።

«የልጆቹ እናት፣ ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራይ ጨምሬያለሁ። ጤፉም ዘይቱም ጨምሮ የለ? አይዞሽ፣ እግዜር ለልጆችሽ አያሳጣሽም።»

«አያሳጣኝም ጋሼ። ይኸው ኪራይ እንደ ልብ እንዳይጨመር አዋጅ 1320/2016ን አወጣልኝ።»

«ምን ነካሽ! አዋጅ የሚያወጣው ምክር ቤት ነው።»

«ኪራይ የሚጨምሩትስ እርስዎ አይደሉም? ታዲያ እግዜርን መካከላችን ምን ዶለው?»

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ያልተወደደ ነገር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ሁሉ ሲወደድ እንደረከሰ የቀረው «እግዜር ያውቃል» ብሎ ማለፍ ብቻ ነው።

ልጅ ደግሞ ከአዋቂ ይብሳል። የሰፈሩ ሱቅ መስኮት ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ካርቶን ተለጥፏል። ታዳጊው ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ይዞ ይቆማል።

«እማዬ ግማሽ ሊትር ዘይት በዱቤ ስጠው ብላለች።»

«መቼ ልትከፍል?»

«እግዜር ሲሰጣት።»

«ለእግዜር ዱቤ አልሰጥም፤ አድራሻውን አላውቀውም።»

«እሱ ግን ያንተን ያውቀዋል።»

ባለሱቁ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ዘይቱን ቀድቶ ቅባት የጠገበውን የዱቤ ደብተር ከሳሙናው ካርቶን ጀርባ አወጣና «ተበዳሪ፦ እግዜር፤ ዋስ፦ የልጁ እናት» ብሎ ጻፈ። ልጁ አንገቱን አስግጎ አነበበና «ገለበጥከው እኮ፤ ዋሱ እሱ ነው» ብሎት ሄደ።

ተረቡ ለሰጪው ብቻ አይደለም፤ ተቀባዩም ይደርሰዋል። አባወራው ጠላ ቤት አምሽቶ ይገባል። ሚስት ስለ ልጆቹ ደብተርና ጫማ ስታነሳበት ተረት ይጠቅስላታል፦ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል።»

«ማደጉንስ ያድግ ነበር፤ ዕድሉን ጠላ ቤት ይዘኸው ሄድክ እንጂ!»

ጎረቤትም ልታጽናና ብቅ ትላለች። «አይዞሽ እህቴ፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።»

«መደገሱንማ አልጠረጠርኩም። እኔን ያሰጋኝ አሳላፊዎቹ ናቸው።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የተቸገረ ቤት በእግዜር ቸርነት መታመኑ ስንፍናም ሞኝነትም አይደለም። በረመዳን ከሐጂ ቤት ሳንቡሳ በአጥር ላይ ሲሻገር፣ በፋሲካ ከእትዬ ቤት ድፎ ዳቦ ሲመለስ ያየ ልጅ፣ ቸርነት በሰው እጅ እንደሚመጣ ማንም ሳይሰብከው ያውቃል። አሳላፊ መሆኑን ረስቶ ራሱን እንደ ታዳሚ የቆጠረውን ነው መተረብ።

አሳላፊነት እንዴት እንደሆነ ያሳዩን እናት ነበሩን። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄደው ረሀብ ከመታው ወገን ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። እዚያም የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። «እግዜር ያሳድግሽ» ብለው ጠበላቸውን ይዘው ቢመለሱ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን ለእግዜር አደራ ሰጥተው ሳይሆን ከእግዜር አደራ ተቀብለው፣ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያማ ልጁ እየበዛ ሄደ፤ ትዳራቸው እንኳ በዚሁ ምክንያት ፈረሰ። በ2013 ሲያርፉ «እማዬ» ብሎ ያለቀሰላቸው ወላጅ አልባ ብዙ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው በሌለበት መንደር ግን ምላስ ሥራውን ይሠራል። የፋሲካ ዕለት ነው። በሬው ታርዶ፣ ሥጋው በቅጠል ላይ በየመደቡ ተደልድሎ፣ ባለቅርጫዎቹ ዕጣ ሊጥሉ ከበዋል። የቅርጫ መዋጮ ያልሞላላት እናት ልጇን በእጇ ይዛ ስታልፍ አንዱ ቢላውን እየጠረገ ይጠራታል።

«እትዬ፣ እንኳን አደረሰሽ! ዘንድሮ አልገባሽም አሉ። ግዴለም፣ ላንቺም እግዜር ያውቃል።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን! ያውቃል እንጂ፤ ከበሬው ስንት መደብ እንደወጣ ሳይቀር ቆጥሯል።»

ከዚህ በኋላ ማን ዕጣ ይጥላል? አንዱ ከመደቡ ከጎድኑ ቆረጠ፣ ሌላው ከታናሹ ጨመረ፣ ሦስተኛው ጉበቱን አነሳ። ቅጠሉ ሞልቶ ሲሰጣት ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ባለ ቢላው ግን ሳይመልስ ማደር አልሆነለትም፦ «ምስጋናው ለኛ ነው ለእሱ?»

«ለእሱማ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አድርሼ መጥቻለሁ። ይሄ የእናንተ የዴሊቨሪ ነው።»