የሊማሊሞ ድንጋይ ምን ይመስላል?

መንገደኛ ሆኖ ድንጋይን በድንጋይነቱ አይቶ የሚያልፍ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አንበሳ ካልመሰለው ጥምጥም ያሰረ ቄስ ይመስለዋል። ሁለቱም እንቢ ካሉት አንገቱን ዘመም፣ ዓይኑን ጨፈን እያደረገ አንድ ነገር እስኪመስለው ይታገላል።

ዳባትንና ደባርቅን አልፈን ወደ ሊማሊሞ ስንወርድ የሆነውም ይኸው ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከገደሉ ላይ የቆረጠው ጠመዝማዛ መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። በየኩርባው ሳይማተብ የሚወርድ ተሳፋሪ ካለ የተኛ ብቻ ነው። ከአንዱ ኩርባ አለፍ ብሎ፣ ውሃ ግራና ቀኙን በልቶ ለብቻው ያስቀረው አለት ቆሟል። ሾፌራችን ፍሬኑን ላብርድ ብሎ እሥሩ አቆመ። እኛም ወርደን ሥራችንን ጀመርን።

“አንበሳ ነው” አለ ጋቢና የተቀመጠው ጎልማሳ።

“የምን አንበሳ! ጀበና ነው እንጂ። እጀታው አይታይህም ልጄ?” አሉ አብረውን የተሳፈሩት እትዬ።

ሾፌሩ ደግሞ ጭነቱ ያዘነበለ አይሱዙ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

ይህን ጊዜ ገርዓልታን ጎብኝቶ ከተመለሰ ወዲህ ተራራው ሁሉ የአሸዋ ድንጋይ የሚመስለው አንድ ወጣት “ውብ የአሸዋ ድንጋይ!” ሲል፣ የጂኦግራፊ መምህሩ ጓደኛዬ እናቱ እንደተሰደበችበት ሰው ዘሎ ተነሣ። ይህ ባዛልት ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ሆድ ገንፍሎ የወጣ እሳት የረጋበት ነው አለ። የገርዓልታው የአሸዋ ድንጋይ ግን ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሽማግሌ ነው። ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ ሁሉ ሽማግሌው ከሥር ተኝቶ፣ ባዛልቱ አናቱ ላይ ይጫናል።

“ታናሹ ታላቁ ራስ ላይ?” አሉ እትዬ በቁጣ። “ቀጪ አሳዳጊ የለውም?”

ቀጪስ አለው፤ ውሃ ነው። የቀለጠው ድንጋይ የፈሰሰው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራው በመሆኑ፣ በንብርብሩ መካከል ቀይ አፈርና አመድ ተቀብሮ ቀርቷል። የክረምት ውሃ ታዲያ ከጠንካራው ጋር ግብግብ አይገጥምም። ለስላሳውን ከሥር ሰርስሮ ያወጣና ጠንካራው በገዛ ክብደቱ እስኪወድቅ ይጠብቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለሰው ብቻ መስሎን ኖረናል፤ የስሜን ገደል በሙሉ እየተሳሳቀ የተወሰደ ተራራ ነው። የሄደበትም ይታወቃል። ከሊማሊሞ በታች ያለው ውሃ በዛሪማ አድርጎ ተከዜ ይገባል፤ ተከዜም ሱዳን ሲደርስ አትባራን ይቀላቀላል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ሊይዘው ከታሰበው ውሃ የብዙውን ቦታ ለደለል አስረክቧል። እኛ ለቪዛ ስንሰለፍ ስሜን በየክረምቱ ያለ ፓስፖርት ድንበር ይሻገራል።

ዩኔስኮ የስሜን ተራሮችንና ላሊበላን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በአንድ ዓመት፣ በ1970 ዓ.ም. ነው። አንዱን ሰው በመሮ ፈለፈለው፣ ሌላውን ውሃ ያለ መሮ። እኔ ብጠየቅ ለውሃው የትርፍ ሰዓት ክፍያ አስብለት ነበር፤ ሌሊትም ይሠራልና።

ክርክሩ እልባት ሲያጣ፣ በጎቹን ወደ ዳር የሚነዳ አንድ እረኛ ልጅ አየንና እንዲዳኘን ጠራነው።

“ማሙሽ፣ ይህ ድንጋይ ምን ይመስላል?”

“ጭላዳ ያድርበታል።”

“እሱን አይደለም፤ ምን ይመስላል ነው ያልንህ።”

“በዚያኛው ጎኑ ዝናብ አያገኝም። እኔ እጠለልበታለሁ።” ጅራፉን ወደ ሌላ እጁ አዛወረና ቀና ብሎ አየ። “በዚህኛው ግን ድንጋይ ይለቃል። መኪናችሁን አታነሱም?”

ፍሬኑ የበረደው ያኔ ነው። እትዬ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከሁላችንም ቀድመው ተሳፈሩ። ስለ አይሱዙው ሲሟገት የነበረው ሾፌር፣ አይሱዙው ራሱ የሚያሳድደው እስኪመስል ድረስ ነዳው። አንበሳው ይሁን ጀበናው ሳይወሰን ቀረ።

እናም ሊማሊሞን የምታልፉ ሁሉ፦ ክረምቱ ወጥቶ አፈሩ ጠፈፍ ሲል፣ ከጥቅምት ወዲህ ሂዱ። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናትና ጋቢ አትርሱ። አለቱን የምታዩት ከማዶኛው ኩርባ ሆናችሁ ይሁን፤ ሾፌሩ ፍሬን ላብርድ ካላችሁም መጀመሪያ ቀና ብሎ እንዲያይ ንገሩት።