እዚያው ወሎ ሆኖ ወሎን መናፈቅ

ወሎ ውስጥ ተቀምጦ ወሎን እንደ መናፈቅ ያለ ቀላል ሥራ የለም። የመኪና ወረፋ አይጠበቅበት፣ ቪዛ አይለመንበት። ስልክና ጋቢ ካለ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ከተገኘ ይበቃል። ወልዲያ መናኸሪያ አካባቢ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ጎረምሳ ማታ ማታ በሩን ዘግቶ «ወሎ ምነው ራቅሽኝ» እያለ ያንጎራጉራል። በሩን ቢከፍት ደጁ ላይ ናት።

ይህ ናፍቆት የሚሰበሰብበት ግሩፕ አለ። የወልዲያው፣ የመርሳው፣ የውርጌሳው፣ የጊራናው ልጅ «ባህላዊ ዘፈን» እቤቱ ሠርቶ ያመጣበታል። ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲው፣ ድምፃዊውና አቀናባሪው ሁሉ እዚያው ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አራቱም አንድ ሰው ናቸው። የጠፋው አድማጭ ነው። እኔ ስገባ «ወንድማችን፣ ያንተስ ዘርፍ ምንድን ነው?» ተባልኩ። «እሰማለሁ» አልኩ። የሚንከተከት ፊት ላኩልኝ።

ሥራ የሚጀመረው የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ሲገባ ነው። «የተከበራችሁ የጥበብ ቤተሰቦች፣ በራሴ ግጥምና ዜማ የሠራሁትን ባህላዊ ዘፈን ይዤ ቀርቤያለሁ። ያለ ርኅራኄ ተቹኝ» ይላል መልእክቱ። ከሥሩ 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የሚረዝም ድምፅ ተንጠልጥሏል። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ የመጀመሪያው አስተያየት ከች ይላል፦ «ዋው! እያለቀስኩ ጨረስኩት»። ቴሌግራም ድምፅን በእጥፍ ፍጥነት ያጫውታል፤ ሰውየው በዚያ ፍጥነት ሰምቶት ቢሆን እንኳ ለቅሶው ላይ ለመድረስ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ያስፈልገው ነበር። ደግሞስ ትዝታን በእጥፍ ፍጥነት የሰማ ሰው የሚያለቅሰው በሌላ ምክንያት ነው።

ከለቅሶው ሥር ሁለተኛ መስመር አለች። ዋናዋ መልእክት እሷ ናት፦ «የእኔንም ገባ ብለህ ስማልኝ»። ነገሩ ወንፈል ነው። እነ መርሳ ያሉበት የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ዛሬ ያንተን ማሽላ አርሞ ነገ የራሱን ያሳርማል፤ እዚህም ዛሬ ያንተን አድንቆ ነገ የራሱን ያስደንቃል። ልዩነቱ፣ በገበሬው ወንፈል አረሙ የምር ይነቀላል።

አድናቆቱም ደረጃ አለው። የእሳት ምልክት ብቻ ከተላከልህ ዘፈንህ አልተከፈተም ማለት ነው። «ድምፅህ አሪፍ ነው፤ ማይክ ብቻ ቀይር» የሚለው ደግሞ የጨዋ ሰው ፍርድ ነው። ግጥሙ የማይረባ፣ ዜማው የሰው፣ ድምፁ የሻከረ ቢሆን ጥፋቱ ሁሉ ማይኩ ላይ ይደፈደፋል። ማይክ መልስ አይሰጥ፣ ቂም አይዝ፣ ሠርግ ላይ የሚገናኙት ዘመድ የለው። የኛ አገር ሰው እንኳን ዘፋኝን ባላጋራውንም በደግ ቃል መሸኘት የለመደ ስለሆነ፣ የባሰ ሲቸግረው «አብሽር ወንድሜ» ብሎ ይወጣል። ለታመመም ለከሰረም እንዲሁ እንደምንል ልብ ይሏል።

አንድ ምሽት አንዱ ደፈረና «ሁለተኛው ስንኝ ቤት አይመታም» ብሎ ጻፈ። ያለ ርኅራኄ ተቹኝ ያለው ደራሲ የዚህን ርኅራኄ ቢስ ማንነት ለማወቅ ፕሮፋይሉን ሲበረብር አደረ። ጠዋት ላይ «አንዳንድ ቀናተኞች» ብሎ የሚጀምር ረጅም ጽሑፍ ወጣ። የተጣሉበት ስንኝ ይኸው፦

ወልዲያ መናኸሪያ ባጃጅ ተደርድሮ፣
ልቤ አንቺን ይላል እንደ ጥንቱ ጊዜ።

ተቺው «እንደ ጥንቱ ጊዜ የሚለውን እንደ ድሮ እንደ ድሮ በለው» አለ። ደራሲው «ሐሳቤን አትንካብኝ» ብሎ ቆረጠ። ባጃጅ ለምን እንደተደረደረ የጠየቀም አልነበረም። በሳምንቱ ዘፈኑ «በአዲስ መልክ የተሻሻለ» ተብሎ እንደገና መጣ፤ ስንኙ «እንደ ድሮ እንደ ድሮ» ሆኗል። ግጥም፣ ዜማ እና ማሻሻያ፦ በራሱ።

ከሁሉም የሚጣፍጠው ግን የቅኝት ክርክር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከሚባሉት አራቱ ቅኝቶች ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ይጠራሉ። ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ አምባሰል ደግሞ ከመርሳ ወደ ደሴ ሲሄዱ ውርጌሳን አልፎ ውጫሌ ሲደረስ የሚገባበት ወረዳ ነው። በዚህ የተነሣ የሰፈራችን ልጅ ቅኝት የሚጠና አይመስለውም፤ ከቀበሌ መታወቂያ ጋር አብሮ የሚሰጥ ይመስለዋል። ማሪቱ ለገሠ በአምባሰል የተደነቀችው ወሎዬ ስለሆነች ነው ብሎ ያምናል። እሱም ወሎዬ ነው። የቀረው መቅዳት ብቻ ነው።

አንድ የመርሳ ልጅ «አምባሰል፦ ኦሪጂናል» ብሎ ላከ። ስልኩ ላይ ድምፅ የሚያቃና አፕ ጭኗል፤ አውቶቲዩን የሚሉትን። አፑ ሲመጣ ሲ ሜጀር ላይ ተቀምጦ ነው የመጣው፤ ልጁም አልነካካውም። አሁን ጉዱን ተመልከቱ። አምባሰል ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ሲ ሜጀር ውስጥ ደግሞ ፍላት የሚባል ነገር የለም። አፑ ሬ ፍላቷ የተሳሳተች መሰለውና ወደ ሬ አቃናት፤ ላ ፍላቷንም ወደ ላ ገፋት። የተረፈው ዶ፣ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ሆነ። ይህንኑ ከፋ ጀምራችሁ ብትቆጥሩት ጥርት ያለ ሜጀር ትዝታ ነው። ልጁ በአፉ አምባሰል አስገብቶ በስልኩ ትዝታ አወጣ።

ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። የአምባሰል ወገን ርዕሱን ማስረጃ አደረገ፤ የትዝታ ወገን ጆሮውን። «ባቲ ነው» ብሎ የተከራከረው ሰው ፋይሉን ገና አላወረደውም ነበር። በየሠርጉ ማሲንቆ የሚመታ አንድ አባል «ወንድሜ፣ እስቲ ስልኩን አጥፍተህ ዝፈነው» አለና የወረደ አውራ ጣት ተሰጠው። የዘፈኑ ባለቤት በመጨረሻ ነገሩን ራሱ ፈታው፦ «ቅኝቱ አዲስ ነው። እኔ የፈጠርኩት ነው»።

ይህ ሁሉ የት ይቀዳል ካላችሁ፣ ስቱዲዮ የለማ! ስቱዲዮው ጋቢ ነው። ግድግዳው ድምፅ እንዳያስተጋባ ተብሎ ዘፋኙ ከነስልኩ ጋቢ ውስጥ ይገባል። ወልዲያ ላይ ይህ ምንም አይደል፤ ብርድም ይከላከላል። መርሳ ላይ በግንቦት ሙቀት ጋቢ ተከናንቦ አራት ደቂቃ መዝፈን ግን ሌላ ነገር ነው። የመጨረሻው አዝማች ላይ የምትሰሙትን የድምፅ መንቀጥቀጥ የስሜት ጥልቀት ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ አየር ማጠር ነው።

ጋቢ የማያስቀረው ድምፅ ደግሞ አለ። ባጃጁ ይጮሃል፣ አዛኑ ይገባል፣ ጎረቤት ልጇን ትጠራለች፣ ከሁሉም በላይ ዶሮው ሰዓቱን አያሳልፍም። ከሀብሩ ዓረብ አገር የሄደ ወጣት ብዙ ነውና ግሩፑ ውስጥ ከጂዳ የምትከታተል አንዲት ልጅ አለች። አንድ ሌሊት የድምፅ መልእክት ላከች። እሷ የምር ታለቅሳለች፤ ሲቃዋ ይሰማል። «ያቺን ዶሮ... በአላህ ያቺን ቦታ መልሳችሁ ልቀቁልኝ» ትላለች። ዘፋኙ ወዲያው መለሰ፦ «ከየትኛው ስንኝ ጀምሮ?»

ግጥሞቹን በጅምላ ላስተዋውቃችሁ። ጥርስ አለ፣ አንገት አለ፣ ማር አለ፣ ላሊበላ አለ፣ ቦታው የማይታወቅ አንድ ምንጭና አንድ እንስራ አሉ። የሌለውን ደግሞ ስሙ። ልጁ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ እየጻፈ ማንጎ የለም። የአባቱን ማሽላ አቀንጭራ እየጨረሰው አቀንጭራ የለችም። እዚሁ አጠገባችን የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ስንት የማሽላ ዝርያ ሲያወጣ፣ ከኛ ግሩፕ ስለ ማሽላ አንዲት ስንኝ አልወጣችም። እንስራዋን የተሸከመችው ቆንጆ ቤት ቢጫ ጀሪካን ከገባ ስንት ዘመኑ!

የድሮዎቹ ዘፋኞች ዓይን አላቸው። ወፍጮ ላይ የምትዘፍን ሴት አማቷን ነው የምታነሣው፤ አውድማ ላይ ያለው ገበሬ በሬውን ነው የሚያሞግሰው። የሚሰማቸው ሰው ደግሞ እዚያው ፊታቸው ነው። እዚሁ ሀብሩ ዳና ላይ የመንዙማ ሊቃውንት አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ግጥም ሲደርሱ አንዱ ያወጣል፣ ጀማዓው ይቀበላል። ካልተቀበሉት በቃ፤ ማይኩ ነው አይባልም። አዝማሪ ቤትም «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጥ እንግዳ ስንኙ ከተሰበረበት ማሲንቆው ራሱ ያጋልጠዋል። እኛ ግሩፕ ውስጥ ግን ሁሉም አውጪ ነው። ተቀባይ ቢፈለግ ጂዳ ላይ አንዲት አለች፤ እሷም ለዶሮዋ ነው።

በ2015 ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግሩፑም ጭጭ አለ። ያን ጊዜ ማንም የዘፈን ነገር አላማረውም፤ ሰው ሰውን የሚያጠያይቅበት ወቅት ነበር። አገልግሎቱ ሲመለስ ስልኬ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። እያንዳንዱን ከፍቼ አነበብኩ፤ የሰው ደኅንነት ነውና። «አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህ አዲሱ ሥራዬ ነው፤ ያለ ርኅራኄ ተቹኝ።» በአንድ መልእክት፣ በአንድ ትንፋሽ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ሳቄ መጣ። ያን ቀን ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው፤ በእጥፍ ፍጥነትም አልነበረም።

የመብት ነገርማ አይነሣ። ዘፈኑ መሐል፣ ልክ ልብ ሊነካ ሲል፣ «ይህ ሥራ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል ወፍራም ድምፅ ይገባል። ሌባ ፈርተው ነው። እስካሁን አንድም ሌባ አልመጣም፤ መጥቶም ቢሆን ሰምቶት ተመልሷል። ሕጉ ግን የምር ከጎናቸው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ወጥ ከሆነና ከተቀረጸ ጥራቱ ሳይታይ ጥበቃ ያገኛል ይላል። ሕግ አውጪው የኛን ግሩፕ አስቀድሞ ያየው ይመስለኛል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት ሳለ ቆይቶ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቀጥላል። ባጃጅ የተደረደረበት ስንኝ የልጅ ልጅ ይወርሰዋል ማለት ነው።

ችግሩ «ወጥ» የምትለዋ ላይ ነው። መርሳ ላይ አንድ ጎረቤቴ አለ፤ «በራሴ ግጥምና ዜማ» ከሚሉት ዋነኛው። እቤታቸው ቡና ተጠርቼ ተቀምጫለሁ። እናቱ ምስር ይለቅማሉ። ልጁ አዲስ ሥራውን በስልኩ ድምፅ ማጉያ ለቀቀው። እናቱ ሰፌዱን አቆሙ።

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?»

«እኔ ነኝ የደረስኩት፣ እማ።»

«አንተ? ይሄማ የእናቴ ዘፈን አይደል እንዴ! ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥታ ወፍ እያባረረች የምትለው። ደግሞ መሐሉን ዘለልከው።»

«እማ፣ አሳጥሬው ነው... ለዘመኑ እንዲስማማ።»

«ዘለልከው እንጂ!» አሉና ምስሩን እየለቀሙ ጀመሩት። ጥርስም አንገትም የለበትም። የግሪሳ መንጋ አለበት፤ ወንጭፍ አለበት፤ ጠብቅ ተብሎ ማማ ላይ የተኛ አንድ የእናታቸው አጎት በስሙ ተጠርቶ ይወቀሳል፤ ማሽላው እንደተበላና አጎትየው ሲነቃ ወፎቹን «ሰላም አደራችሁ?» እንዳላቸው ይተረካል። እኔ ቡናዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ቡና የምታፈላው ልጅ አዝማቹን ሳታስበው ተቀበለቻቸው። ልጁ ስልኩን ከጉልበቱ ሥር ደብቆ እየቀዳ ነበር።

ማታ ግሩፑ ላይ ተለቀቀ። «ግጥምና ዜማ፦ በራሴ። ድምፅ፦ እማ» ይላል፤ 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ወዲያው፣ ሃያ ሰከንድ እንኳ ሳይቆይ፣ አስተያየት ገባ፦

«ዋው! እያለቀስኩ ጨረስኩት። ድምፃቸው አሪፍ ነው፤ ማይክ ብቻ ቀይሩላቸው። የእኔንም ገባ ብላችሁ ስሙልኝ።»