ሩብ ቤት፣ ሙሉ ዕዳ

እንግሊዝ ውስጥ ቤት መግዛት ላቃተው ሰው የተዘጋጀ አንድ ጸጋ አለ፤ ሼርድ ኦነርሺፕ ይባላል። ብሮሹሩን ያየ ሁሉ ያውቀዋል፦ ነጭ ወጥ ቤት፣ በረንዳ ላይ ሁለት ስኒ፣ ቁልፍ አንጠልጥለው የሚስቁ ባልና ሚስት። ከሥዕሉ በላይ «የራስዎ ቤት» ይላል በደማቁ። ኪራዩ የሚጠቀሰው ከታች ነው፤ መነጽር ያለው ያነበዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለንደን ውስጥ 400,000 ፓውንድ ከተገመተ ቤት ገዢው ሩቡን በ100,000 ይገዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሞርጌጅ። በቀረው 300,000 ላይ የዚያ ድርሻ ባለቤት ለሆነው የቤቶች ማኅበር ኪራይ ይከፍላል። በተለመደው 2.75 በመቶ ሲሰላ በዓመት 8,250 ፓውንድ፣ በወር ወደ 690 ገደማ ነው። ኪራዩ በየዓመቱ በዋጋ ንረቱ ልክ፣ ከዚያም ጥቂት ተመርቆበት ይጨምራል። መውረድ የሚባል ነገር አያውቅም። በኦክቶበር 2022 ብዙዎቹ ነባር ውሎች የሚከተሉት የዋጋ መለኪያ 14.2 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ደመወዙ እንደዚያ ያደገለት ሰው ካለ እሰየው።

የማኅበሩ ለጋስነት ግን በኪራይ አያበቃም። ከ2021ዱ የሼርድ ኦነርሺፕ ውል ማሻሻያ በፊት በተፈረሙት ውሎች ጣሪያው ቢያፈስ፣ ቦይለሩ ቢሞት፣ መስኮቱ ቢሰበር የጥገናው ወጪ በሙሉ የሩብ ባለቤቱ ነው። ሰርቪስ ቻርጅ የሚባለው የሕንፃው የአገልግሎት ክፍያም እንደዚያው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እዚህ አጥሩን የሚያሳጥረው አንዱ፣ የሚነቀንቀው ሌላው ነው።

የዚህ ጥበብ ውበት ጎልቶ የሚታየው ኪራይ ሲወዘፍ ነው። አንዲት ሴት በ1995 የአንድ ቤት ግማሽ ድርሻ በ29,500 ፓውንድ ገዛች፤ የሊዙ ዘመን 99 ዓመት። ኋላ በደረሰባት ዛቻ ቤቷን ትታ ለሴቶች በተዘጋጀ መጠለያ ተሸሸገች፤ ኪራዩም ተጠራቀመ። ማኅበሩ ከሰሰ። የ1988ቱ የቤቶች ሕግ፣ «ስምንተኛው ምክንያት» በሚባለው ድንጋጌ፣ በጊዜው የሁለት ወር ውዝፍ ያለበት ተከራይ እንዲወጣ ያዝዝ ነበር፤ ዳኛው ቢያዝን እንኳ ምርጫ አልነበረውም። በ2007 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሴትዮዋ ተከራይ ናት አለ። ቤቱም ሄደ፣ የገዛችውም ግማሽ አብሮ ሄደ። ማኅበሩ ግዴታ ባይኖርበትም በበጎ ፈቃዱ 29,500ውን ውዝፉንና ወጪውን ቀንሶ ሊመልስላት ፈቀደ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በቤቱ ዋጋ ላይ የተጨመረው ለማኅበሩ ቀረ።

«ቢያንስ ግማሹን አይተዉላትም ነበር?» የሚሉ ነገር የማይገባቸው ሰዎች አይጠፉም። ግማሹ ቢተውላት ምን መዘዝ እንደሚመጣ አላሰቡም። የፍርድ አስፈጻሚው ሜትርና ጠመኔ ይዞ ይመጣል፤ ከበሩ ተነሥቶ ሳሎኑን አቋርጦ እስከ ጓሮ ያሰምራል። ምድጃው ከመስመሩ ወዲያ፣ የዕቃ ማጠቢያው ከመስመሩ ወዲህ ይውላል። ሽንኩርቱን በራሷ ግዛት ከትፋ ለማቁላላት የማኅበሩን ፈቃድ በጽሑፍ ትጠይቃለች፤ መልሱ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ይደርሳታል። የሽንት ቤቱ መቀመጫ እኩል ለእኩል መስመሩ ላይ ስለሚወድቅ ድርሻውን የሚለይ ገማች ይጠራል፤ አበሉን የምትከፍለው እሷ ናት፤ ግምቱም ከሦስት ወር በኋላ ይሽራል። (ይህኛው እንኳ ፌዝ አይደለም፤ ተጨማሪ ድርሻ ለመግዛት የሚወጣ ግምት በእርግጥም ዕድሜው ሦስት ወር ነው፣ ከፋዩም ነዋሪው።) እንግዳ ሲመጣ የቱ ወንበር የማን እንደሆነ ሳይጣራ ተቀመጡ ማለት አይቻልም። ማታ ወደ መኝታዋ ስትሄድ ግራ እግሯ ባለቤት፣ ቀኝ እግሯ ወሰን ገፊ ይሆናል። ማኅበሩ የወሰን ጉዳዮች ክፍል ያቋቁማል፣ ኃላፊ ይሾማል፣ ለኃላፊው ምክትል ይቀጥራል፤ የሁሉም ደመወዝ ወደ ሰርቪስ ቻርጅ ይገባል። ሕጉ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ገላገላት፤ ጠቅልሎ ወሰደው።

የማይቀለድበት ቦታ ግን አለ። ሰው በገንዘቡ የገዛውን ድርሻ በጥቂት ወራት ኪራይ መንጠቅ ዝርፊያ ነው፤ ሕግ ስለፈቀደው ስሙ አይለወጥም።

በአዲስ አበባ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ያገኘ ሰው ቢያንስ ሂሳቡ ይገባዋል፦ ሃያውን ይከፍላል፣ ሰማንያውን ለባንክ ይገፋል፣ አንድ ቀን ያልቃል። የሼርድ ኦነርሺፕ ኪራይ ግን ቢከፈል ቢከፈል ከቤቱ አንዲት ጡብ አይገዛም።

የእንግሊዝ መንግሥትም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነቃ። የ2025ቱ የተከራዮች መብት ሕግ ከ21 ዓመት በላይ የሆኑ ሊዞችን ከስምንተኛው ምክንያት መዳፍ አውጥቷቸዋል። ሊዝ የማፍረሱ ጥንታዊ መብት ግን በቦታው አለ፤ ልዩነቱ አሁን ፍርድ ቤቱ ሊያዝን መቻሉ ነው። ሞርጌጅ ያለበትን ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባንኩ ይደርስለታል፦ መያዣው እንዳያመልጠው ውዝፉን ከፍሎ በብድሩ ላይ ይደምረዋል፣ ወለዱንም ያስከትላል።

ስለዚህ ለንደንም ሆነ በርሚንግሃም ለመፈረም ብዕር ያነሣችሁ፣ ብሮሹሩን ለልጆች ሥዕል ማቅለሚያ ስጡና ሊዙን ለጠበቃ አስነብቡ። የአንድ ወር ኪራይ የጎደለባችሁ ደግሞ ሁለተኛው ሳይጨመር ለማኅበሩም ለባንኩም በጽሑፍ አሳውቁ፤ የደብዳቤውንም ቅጂ አስቀሩ።