ሥልጣኑማ ለቤተ ዘመድ ተከፋፍሏል

አጅሬ ሕገ መንግሥት የያዘ ሰው አይቻለውም። «ምን ታማርራለህ? ሕግ አውጪው እዚህ፣ አስፈጻሚው እዚያ፣ ተርጓሚው ወዲያ፤ ሥልጣን ተከፋፍሏል!» አለኝ።

«መከፋፈሉንስ ተከፋፍሏል፤ የተካፈሉት ግን ቤተ ዘመድ ናቸው።»

«ቅናት ነው።»

«እስቲ አንቀጽ 56ን አንብብልኝ።»

አነበበልኝ፦ በምክር ቤቱ አብላጫ ወንበር ያገኘ ፓርቲ አስፈጻሚውን አካል ያደራጃል፤ ይመራል። «ታዲያ እንግሊዝም እንዲሁ አይደል?»

«ነው። ግን ማርጋሬት ታቸርን ያወረዷቸው ተቃዋሚዎች መሰሉህ? የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ናቸው። የእኛዎቹ በ2007 ዓ.ም. ከነአጋሮቻቸው ከ547 ወንበር 547ቱን ወሰዱ። ሚኒስትር የሚያፋጥጥ ይቅርና ድምፀ ተአቅቦ የሚያደርግ ብታገኝ ጥራኝ።»

«ያ ድሮ ቀረ፤ አሁን ተቃዋሚ ገብቷል።»

«ገብቷል። ‹የምትቃወሙ?› ሲባል ቆጣሪው አይደክምም።»

«ፍርድ ቤትስ? አንቀጽ 79 ዳኛ ነፃ ነው ይላል!»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አጅሬ በ1993 ዓ.ም. የት እንደነበረ አላውቅም። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰው ችሎት ቀረቡ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይለቀቁ ብለው አዘዙ። ሰውዬው ቤታቸው ሳይደርሱ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ወዲያው ደግሞ ምክር ቤቱ በሙስና ለተከሰሰ ሰው ዋስትና የሚከለክል አዋጅ አወጣ። የሌላው ሰው አዋጅ ከቋሚ ኮሚቴ ቋሚ ኮሚቴ ሲንከራተት ይከርማል፤ ይሄኛው ግን መንገዱን በሩጫ ጨረሰው።

«አስፈጻሚው ያዘ፣ ዳኛዋ ለቀቁ፣ አስፈጻሚው መልሶ ያዘ፣ ሕግ አውጪው ከላይ ቆለፈ» አልኩት። «የመንግሥት አካላት አይናበቡም የሚለው ማነው?»

«አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ይዘህ...»

«ሌላ ልጨምርልህ?»

«ጨምር! ግን ሕገ መንግሥት የሚተረጉም የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዳለ አትርሳ።»

«እኔም ወደሱ እየመጣሁ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ምርጫ አይካሄድም ተባለ። የተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመኑ ሊያልቅ ሆነና ትርጉም ጠየቀ።»

የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤው የሕግ ምሁራንን ጠርቶ በቴሌቪዥን አከራከረ። ይህን ሳላመሰግን ባልፍ ወገኛ እባላለሁ፤ እውነትም ክርክር ነበር፤ ሰው ከድራማ ይልቅ አንቀጽ ሲያይ ሰነበተ። ውሳኔው ግን የሕግ ምሁራኑ አይደለም፣ የዳኞችም አይደለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ ላይ ተሰብስቦ በ114 ድምፅ «ይራዘም» አለ። የራሱም ዘመን አብሮ ተራዘመ።

«አራት ሰዎች ተቃውመው ነበር እኮ!» አለ አጅሬ፣ እጁን ከፍ አድርጎ።

«እኔ የቤት ኪራይ ውሌን ራሴ ላድስና አከራዬን ‹አራት ጎረቤት ተቃውሟል፤ ሂደቱ ዲሞክራሲያዊ ነው› ብላት ምን የምትለኝ ይመስልሃል?»

«ዕቃህን ታወጣዋለች።»

«ይኸውልህ፣ እሷ ዘንድ ቁጥጥር አለ።»

ዝም አለ። አጅሬ ዝም ሲል ገጽ እየፈለገ ነው። አገኘ። «አንቀጽ 60! ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤቱን መበተን ቢፈልግ የምክር ቤቱን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ከዚህ በላይ ልጓም ከየት ይምጣ?»

«‹ልበትናችሁ ነው፤ የምትደግፉ?› ሲባል እጁን የማያወጣ ማነው? ለቀጣዩ ምርጫ ዕጩ የሚያደርገው እኮ ያው ፓርቲው ነው።»

«እሺ አንበተንም ቢሉስ?»

«ያን ዕለትማ መብራት ይጠፋብናል፤ ሳናየው እንቀራለን።»