የአያ ዝሆን ጠባቂዎች

ከዕለታት አንድ ቀን የዱሩ ሽማግሌ አያ ዝሆን ልቡ ደከመችበትና መንገድ ላይ ወደቀ። አራዊቱ ደንግጠው ተሰበሰቡ። ብልኋ እመት ጦጣም ከጓዳዋ ጥቃቅን ጠባቂዎች ይዛ መጣች። አንዱን ደረቱን ከፍታ ከልቡ አጠገብ ሰፋችው፤ ልብ ስትዘገይ የሚቆነጥጥ ነው። ሁለተኛው ከሆዱ ቆዳ ሥር ሆኖ በየ5 ደቂቃው ስኳሩን ይለካል። ሦስተኛው እግሩ ላይ ታስሮ እርምጃውን ይቆጥራል። አራተኛው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ የሦስቱን ሹክሹክታ ይሰበስብና ኮረብታው ላይ ለተቀመጠው ሸንጎ ያደርሳል።

እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ መልካም ነበር። አንድ ሌሊት ልቡ ልትቆም ስትል የደረቱ ጠባቂ ቆነጠጣትና ተነሣች። አያ ዝሆን ነግቶለት የልጅ ልጆቹን አየ፤ ጦጣንም መረቃት።

ግን ሥጋ ውኃ የበዛበት ነው፤ ውኃ ደግሞ ሹክሹክታን ይውጣል። አያ ዝሆን በግራ ጎኑ ሲተኛ የደረቱ ወሬ አንገት ጋ አይደርስም። ሸንጎው መከረና፣ «በግራ ጎንዎ አይተኙ» አለ። ወንዝ ሲገባ ሁሉም ጠባቂዎች ጸጥ አሉ። «ወንዝ አይግቡ» ተባለ። የደረቱ ጠባቂ የያዘው ስንቅ 10 ክረምት ቢያደርሰው ነው፤ ሲያልቅ ደረት እንደገና ይከፈታል። የአንገቱ ጠባቂም ብዙ ጮኾ ስንቁን እንዳይጨርስ፣ «ከኮረብታው ሥር አይራቁ» ተባለ።

የሆዱ ጠባቂ የሚቀምሰው ደሙን አልነበረም፤ በሥጋው መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ወሬውም ከደሙ ጥቂት ወደኋላ ይቀራል። አንድ ቀን አያ ዝሆን ላብ አጠመቀው፣ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ።

«ልጆቼ፣ ሸንኮራ አቅምሱኝ፤ መውደቄ ነው።»

«አያ፣ ወሬው ደህና ነዎት ይላል።»

«እኔ እኮ ነኝ የምነግራችሁ!»

«እርስዎ ሊሳሳቱ ይችላሉ፣ አያ።»

ሸንኮራው የመጣው ከወደቀ በኋላ ነው።

ሲያገግም፣ «ስለ እኔ የሚወራውን ለእኔም ንገሩኝ» ብሎ ለመነ። ወሬው የሸንጎው ንብረት ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን አያ ጅቦ አንድ እንስራ ማር ለሸንጎው ሰጥቶ፣ ዝሆኑ በየትኛው ሰዓት ጉልበቱ እንደሚከዳው ሰምቶ ሄደ። ውሎ አድሮም የጠባቂዎቹን ሹክሹክታ ለመደ። በሌሊት መጥቶ የደረቱን ጠባቂ፣ «ቁንጥጫህን ተው» ሲለው ቆቅ ሰምታ ጮኸች። ሸንጎው እጅግ አዘነና ጠባቂዎቹን የሚጠብቅ አምስተኛ ጠባቂ እንዲሰፋ ወሰነ።

አያ ዝሆን ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ወንዙ ውስጥ ገባ። እስከ አንገቱ ሰጥሞ ሌሊቱን ሙሉ ገላውን ታጠበ። ኮረብታው ላይ ምንም ወሬ አልደረሰም። ሲነጋ ውኃ እያንጠባጠበ ሲመለስ አራዊቱ ድንኳን ተክለው ሲያለቅሱ አገኛቸው።

«ማን ሞተ?» አለ።

«እርስዎ፣ አያ» አሉት ቦታ እየለቀቁለት። «ነፍስ ይማር። ጠባቂዎቹ እስኪናገሩ ድረስ ከለቀስተኛው ጋር ይቀመጡ።»

የግጦሽ መሬቱ ተከፋፍሎ አልቋል። የጉድጓድ ቆፋሪዎቹም ሒሳብ ተከፍሏል።